ፕሮቲኖችን በጄል ማጣሪያ ለይቶ በብርሃን መለካት

በአራት ኪሎ የሳይንስ ቤተ ሙከራ ለጄል ማጣሪያ፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለሚለየው ዘዴ፣ የተግባር ሥራ የሚዘጋጅ ተማሪ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ስለ ጄሉ ነው። ሴፋዴክስ ጂ-75 የተባለው፣ ሲርስ ጄል የሚሆነው ደረቅ ዱቄት በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት ወይም በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሰዓት ያህል በባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ በማይለዋወጥ መፍትሔ) ውስጥ መራስ አለበት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ይበቃል። በማግኔት ማማሰል ቅንጣቶቹን ስለሚሰባብር አይመከርም።

የራሰው ጄል ሳይቋረጥ ወደ አምዱ፣ ማለትም ጄሉን ወደሚይዘው ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ይፈስሳል። አረፋ ወይም ስንጥቅ ከታየ እንደገና መሙላት ይሻላል፣ ምክንያቱም የተበላሸ አምድ በኋላ በምንም ስሌት አይቃናም። ናሙናው ከጄሉ መጠን 4 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 2 ሚሊዮን ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሚመዝነው ሰማያዊው ብሉ ዴክስትራን ወደ ጄሉ ቀዳዳዎች መግባት ስለማይችል ቀድሞ ሲወጣ፣ 12,400 ዳልተን ገደማ የሆነው ቀዩ ፕሮቲን ሳይቶክሮም ሲ ግን በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል፤ ሁለቱ ቀለማት ሲለያዩ በዓይን ማየት መቻሉ ለጀማሪ ትልቅ እገዛ ነው።

የሚወጣው ፈሳሽ በእኩል መጠን በሙከራ ቱቦዎች ይሰብሰብ። ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር በባፈሩ ዜሮ ከተደረገ በኋላ ብሉ ዴክስትራን በ620፣ ሳይቶክሮም ሲ በ410፣ ቀለም የሌላቸው ፕሮቲኖች በ280 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ይለካሉ። ለመጨረሻው የኳርትዝ ኩቬት (ናሙናው የሚለካበት ትንሽ ዕቃ) ያስፈልጋል፤ ተራ ብርጭቆ ያንን ብርሃን ይመጥጠዋል። መጠነ ይዘቱ የሚገኘው ንባቡን ለፕሮቲኑ የመምጠጥ ቋሚና ለብርሃኑ መንገድ ርዝመት ብዜት በማካፈል ነው። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ አምፖሉ እስኪረጋጋ ጠብቆ ዜሮውን መድገም ግድ ነው።