የቼክ ኢንጂን መብራቴ እንዴት ጠፋ
ቢጫው የሞተር ምልክት በራ። መጀመሪያ ያየሁት ብልጭ ድርግም ይላል ወይስ ዝም ብሎ በርቷል የሚለውን ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ በደንብ እያቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው አልፎ የጭሱን መርዛማነት የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሊያበላሸው ይችላል። ያኔ ጥግ ይዞ ማቆም ነው። የእኔ ግን ዝም ብሎ ነው የበራው። ዘይቱም ሙቀቱም ደህና ነበሩ።

ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ሰካሁ። ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ከነዳጁ አንጻር አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተቻኩሎ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራል። እባካችሁ አትቸኩሉ! ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ያየውን ነው የሚናገረው።

መንገድ ያሳየኝ ስካነሩ ላይ ያየሁት የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥር ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ኮምፒውተሩ 24 በመቶ ነዳጅ ይጨምር ነበር። በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ሳደርሰው ወደ 5 ወረደ። በሚኒሞ ብሶ ዙሩ ሲጨምር ከቀነሰ፣ አየር የሆነ ቦታ ሾልኮ እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ነው።

ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። ስስ ፉጨት! አየር ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ኢንቴክ ማኒፎልድ ጀርባ ያለች ቀጭን የጎማ ቱቦ መታጠፊያዋ ላይ ተሰንጥቃለች። ቀየርኳት።

ኮዱን ከማጥፋቴ በፊት ግን ሁሉንም ጻፍኩ። ሲጠፋ ብልሽቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የተመዘገበው መረጃም አብሮ ይሰረዛልና። አሁን በሚኒሞ ቁጥሩ 3 ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ መብራቱ አልተመለሰም።