መብራት ሄዶ ሲመለስ የተበላሸ የቤት ናስ የፋይል ሥርዓት እንዴት ይጠገናል

ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ድረስ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶግራፍና ስካን የተደረገ የቤት ሰነድ በአንድ ሳጥን አስቀምጠው በስልክም በኮምፒውተርም የሚጠቀሙ ቤተሰቦችና ፎቶ ቤቶች አሉ። ናስ እየተባለ የሚጠራው ይህ ሳጥን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሀርድ ዲስክ የያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ የሚሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ድንገት ከሄደበት የትኛው ፋይል በዲስኩ የት ቦታ እንዳለ የሚይዘው መዝገብ፣ ማለትም የፋይል ሥርዓቱ፣ ሊዛባ ይችላል። ያን ጊዜ ፎልደሮች ባዶ ሆነው ይታያሉ፣ ፋይሎች አልከፈት ይላሉ፣ ወይም ሳጥኑ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም።

ወደ ሥራው ከመግባት አስቀድሞ አንድ ነገር በሚገባ መታወቅ አለበት። የጥገና ፕሮግራም የሚያስተካክለው መዝገቡን እንጂ የእርስዎን ፎቶግራፍ አይደለም፤ መዝገቡ እርስ በርሱ እንዲስማማ ለማድረግ አንድን ፋይል መቁረጥ ወይም ማጥፋት ካስፈለገው ያለ ምንም ማመንታት ያደርገዋል። ስለዚህ ከጥገና በፊት ቅጂ መውሰድ የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የሚዘለል አይደለም።

መጀመሪያ በሳጥኑ ላይ መጻፍ ያቁሙ። ስልኮች ፎቶ በራሳቸው እየላኩ ከሆነ ያጥፉት፣ የስህተት መልእክቱን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ዲስኮቹን የሚያወጡ ከሆነም የትኛው በየትኛው ቦታ እንደነበረ በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉባቸው። ዲስኩን አውጥተው ዊንዶውስ ካለው ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኙት «ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ ይህን የሚለው የሊኑክስን የፋይል ሥርዓት በራሱ ማንበብ ስለማይችል ነውና ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ጥያቄው ይመጣል። በፍጹም እሺ አይበሉ።

ቀጥሎ የዲስኩን ጤንነት ይመርምሩ። በናሱ ገጽ ላይ ስማርት የሚባል መረጃ አለ፤ በእሱ ውስጥ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 የሆኑትን መስመሮች ይመልከቱ። 5 በመበላሸታቸው በሌላ የተተኩ ቦታዎችን፣ 197 ሊነበቡ አልቻሉም ተብለው በጥርጣሬ የተያዙትን፣ 198 ደግሞ ሊታረሙ ያልቻሉትን ይቆጥራል። በተለይ 197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ጉዳዩ የፋይል ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ጥገና ማካሄድ የቀረውንም ይጨርሰዋል። ድምፅ የሚያሰማውን ዲስክ ወዲያውኑ አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡ። ድምፅ የሌለው ከሆነ ዲዲሬስኪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ ከእሱ ወደማያንስ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ይህ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይወስድና ወደ ተበላሸው ክፍል በኋላ ይመለሳል፤ የደረሰበትንም በፋይል ስለሚመዘግብ መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። የክረምቱ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር መብራት ለሚቋረጥበት አካባቢ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ሳጥኑ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስኮችን በሬይድ ያጣመረ ከሆነ የጥምረቱ ሁኔታ ከፋይል ሥርዓቱ በፊት ይታያል። ሬይድ ከፋይል ሥርዓቱ ሥር ያለ መሠረት ስለሆነ እሱ ሳይስተካከል ከላይ ያለውን መጠገን ጉዳቱን ያባብሳል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነና ፋይሎቹ ከፊላቸውም ቢሆን የሚከፈቱ ከሆነ፣ የማይተኩትን አስቀድመው ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። ብዙ ቴራባይት ያለው ዲስክ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችልና በጥገና መሐል የሚሄድ መብራት ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ሳጥኑን መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር ያገናኙ፤ ጄኔሬተር ካለም ያዘጋጁ። ሲኖሎጂ የተባለውን የናስ ዓይነት የሚጠቀም ሰው ስቶሬጅ ማኔጀር ውስጥ፣ ኪውናፕ የተባለውን የሚጠቀም ደግሞ ስቶሬጅ ኤንድ ስናፕሾትስ ውስጥ የፋይል ሥርዓት መፈተሻውን ያገኛል፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ይኸው በቂ ነው።

ይህ ካልሠራና ሳጥኑ ኢኤክስቲ4 የተባለውን የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የሚጠቀም ከሆነ፣ በትእዛዝ መስመር ኢ2ኤፍኤስሲኬ የተባለውን ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ቮልዩሙ፣ ማለትም ፋይሎቹ ያሉበት የዲስክ ክፍል፣ መጀመሪያ አንማውንት መደረግ፣ ማለትም ከሥራ ውጪ መሆን አለበት፤ በሥራ ላይ ያለ ቮልዩም ላይ ጥገና ማካሄድ ራሱ ያበላሻል። ከዚያ «ሰረዝ ኤን» በሚለው አማራጭ ያስጀምሩት፤ ይህ ምንም ሳይነካ ያገኘውን ስህተት ብቻ ይዘረዝራል። ስህተቶቹ ጥቂት ከሆኑ ወደ ጥገናው ይለፉ፤ ማያ ገጹን የሚሞላ ዝርዝር ከመጣ ግን የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ሳይኖር አይቀጥሉ። ዋናው ሱፐርብሎክ፣ ማለትም የፋይል ሥርዓቱን መሠረታዊ መረጃ የያዘው ክፍል፣ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ከታየም ተስፋ አይቁረጡ፤ ኢኤክስቲ4 የዚህን ክፍል ቅጂዎች በዲስኩ ላይ በትኖ ያስቀምጣል፣ የብሎኩ መጠን 4 ኪሎባይት ሲሆንም የመጀመሪያው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ በ32768ኛው ብሎክ ላይ ስለሚገኝ «ሰረዝ ቢ» ብለው ይህን ቁጥር ይሰጡታል። ሜሞሪው አነስተኛ የሆነ ሳጥን ትልቅ ዲስክ ሲፈትሽ ሜሞሪ አልቆበት ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ዲስኩን ሊኑክስ ወዳለው ኮምፒውተር መውሰድ ይሻላል።

ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የሚጠቀም ሳጥን ግን ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። የእሱ «ሪፔር» ትእዛዝ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ አስቀድሞ ቮልዩሙን ለማንበብ ብቻ ከፍቶ ፋይሎቹን ማውጣት ይገባል።

ጥገናው ሲያልቅ ፍተሻውን ድገሙት፤ ስህተት እስካልጠፋ ድረስ ሳጥኑን ወደ ሥራ አይመልሱ። ከዚያ «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» የተባለውን ፎልደር ይክፈቱ። ስማቸውንና ቦታቸውን ያጡ ፋይሎች የቁጥር ምልክትና አሃዝ ብቻ ይዘው እዚያ ይቀመጣሉ። ስም ባይኖራቸውም ይዘታቸው ሊኖር ይችላል፤ የምስል መክፈቻ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያሳያል፣ በካሜራ የተነሣ ፎቶም የተነሣበትን ቀን ብዙውን ጊዜ በውስጡ ይይዛል። የ2011 የጥምቀት ፎቶ ከ2013ቱ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሆኖም ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

ለወደፊቱ ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ እሱ ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ሳጥኑን አያቆየውም። ከናሱ ጋር በዩኤስቢ ገመድ የሚነጋገር ዩፒኤስ ቢገዙ ባትሪው ሲዳከም ሳጥኑ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ሬይድም የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ የተዛባ መዝገብ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋልና። በሳጥኑ ያለውን ሁሉ በሌላ ውጫዊ ዲስክ ገልብጠው በሌላ ቤት፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡት፤ ቅጂውን ባደሱ ቁጥርም ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎችን ከፍተው መነበባቸውን ያረጋግጡ።