የሻወር ቤቱ ማራገቢያ አልስብ ሲል

ቱሉ ዲምቱ በገባን በሦስተኛው ክረምት የሻወር ቤታችን ኮርኒስ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ሻጋታ ነው። ማራገቢያው ይጮሃል፤ እንፋሎቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ደክሟል ብዬ መርካቶ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ያው ሆነ። ብሬን ካቃጠልኩ በኋላ ነው መመርመር የጀመርኩት። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ።

አንድ ሶፍት ውሰዱና ድርቡን ለዩ። ማራገቢያው እየሠራ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ስሱን ንጣፍ ክዳኑ ላይ አስጠጉት። ከዚያ በሩን ከፍታችሁ ድገሙት። እኛ ቤት በሩ ሲዘጋ ሶፍቱ ዱብ አለ። ሲከፈት ደከም ብሎም ቢሆን ያዘው። ማራገቢያ አየር የሚያወጣው በምትኩ ሌላ አየር ሲገባለት ነው። መግቢያ ከሌለ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

የኛን መግቢያ የዘጋችው እማዬ ናት። "ንፋስ ይመታኛል" ብላ ከበሩ ሥር አሮጌ ፎጣ ትወትፋለች። በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር መከራከር አያዋጣም። ስለዚህ ተደራደርን፦ ስትታጠብ ፎጣው ይቆይ። ለብሳ ስትወጣ ይነሳ፤ ማራገቢያው በሩ ተዘግቶ ለ20 ደቂቃ ይሥራ። በሩ ራሱም ወለሉን እየላሰ ነበር የሚዘጋው። አናጢ ጠርቼ ከሥሩ 1.5 ሴንቲሜትር አስቆረጥኩት። በራችሁ ብረት ከሆነ ከታች በኩል የአየር ማስገቢያ ማስከፈት ይቻላል።

በሩ ተከፍቶም ሶፍቱ በደንብ ካልተያዘ ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አትመኑ። ክዳኑን ፈታችሁ በላርጎ እጠቡት። ክንፎቹን በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ። ሞተሩን ውሃ አታስነኩት። የኛ ሰፈር መንገድ ገና አስፋልት ስላላየ በበጋ ክንፎቹ ላይ የሚጋገረው አቧራ ጉድ ነው።

ከዚያ ቱቦው። ኮርኒሱ ውስጥ ያለው እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ቱቦ ነበር፤ ረግቦ ሆዱ ውስጥ ውሃ አቁሯል። ትርፉን ቆርጬ፣ ወጠር አድርጌ፣ ወደ ውጭ በኩል ትንሽ ዘመም አድርጌ አሰርኩት። አቅም ካለ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የ100 ሚሊሜትር ፒቪሲ ይሻላል። ቱቦው እዚያው ኮርኒስ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ከቤት አልወጣም፤ ጣሪያችሁን እያበሰበሰ ነው።

ውጭ ያለውን ክዳንም መሰላል ላይ ወጥታችሁ እዩት። ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች። የኛን ግን ቀለም ቀቢው ከግድግዳው ጋር አብሮ ቀብቶ አጣብቆት ኖሯል! በቢላ አላቀቅኩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለ ያኔ ግዙ። የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር አባዙና በ10 አባዙት። የኛ 2 በ1.5 በ2.5 ነው፤ 7.5 ሜትር ኩብ። ስለዚህ በሰዓት 75 ሜትር ኩብ የሚስብ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ቱቦው ረጅም ከሆነ ከፍ ያለውን ምረጡ።

ደክሟል ብዬ የነቀልኩት አሮጌው ማራገቢያ አሁን የእንግዳ ሽንት ቤት ውስጥ ተገጥሟል። ሶፍቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።