የአሮጌ ካራቫን ጣሪያ እንዴት ይቀየራል? ሁለት ጊዜ ከቀየረ የድሬ ሰው

ከመንገድ ሥራ ካምፕ የተረፈ አሮጌ ካራቫን ገዛሁ። ጎማው ተንፍሷል፤ መስኮቱ ግማሹ በካርቶን ተደፍኗል። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ግቢ ውስጥ አቁሜ ሻይ ቤት ላደርገው ነበር ሐሳቤ። "ዝናብ የት አለና" ብዬ ጣሪያውን ችላ አልኩት። አቦ፣ ድሬን እያወቅኳት! ለወራት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ጎርፍ የሚያወርድባት ከተማ እኮ ናት። መጋቢት ላይ በልጉ ሲጥል አንድ ኩንታል ስኳር ሽሮፕ ሆኖ አደረ።

ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት። የያዘው ሁለተኛው ነው። እናንተ አንዴ ቀይራችሁ እንድትገላገሉ ልንገራችሁ።

የቤት ቆርቆሮ ተዳፋት ስላለው ውሃ ሳይቆም ይወርዳል። የካራቫን ጣሪያ ግን ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ከስር የእንጨት አጽም አለ፤ ላዩ ስስ አሉሚኒየም ወይም ጋልቫናይዝድ ላሜራ ለብሷል። ውሃ የላሜራውን መሃል በስቶ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። መግቢያው ጠርዙ፣ መጋጠሚያውና የቪቴ ቀዳዳው ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ውስጥ የሚንጠባጠብበት ቦታ ውሃው የገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ውሃ እንጨቱን ተከትሎ አንድ ሜትር ተጉዞ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ከላይ በጎማ ቱቦ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ። ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ይረጥብና የቱ እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ያፈሰሰውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ጣሪያውን ሙሉ የምትቀይሩ ቢሆንም ይህን አትዝለሉት፤ እንጨቱ የበሰበሰው እዚያው ነው።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ጥግ፣ እያንዳንዱን እጥፋት። "አስታውሰዋለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ላሜራውን መግዛት

አሉሚኒየም ይሻላል ወይስ ጋልቫናይዝድ? አቅም ካላችሁ አሉሚኒየም። 0.8 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም በካሬ 2.2 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ 0.5 ሚሊ ጋልቫናይዝድ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ካራቫኑ የሚጎተት ከሆነ ከላይ ያለው ክብደት ቁም ነገር ነው። እንደ እኔ አንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ ጋልቫናይዝዱም ይሠራል።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የካራቫኑ ስፋት 2 ሜትር ነው እንበል። ላሜራው በግራም በቀኝም በግድግዳው ላይ ታጥፎ መውረድ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ጎን 5 ሴንቲ ስትጨምሩ 2.10 ይመጣል። ተቆርጦ የሚሸጠው ባለ 1 በ2 ሜትር ላሜራ አይበቃችሁም። ከጥቅል የሚቆርጥ ሱቅ ፈልጉ። ሌላም አለ። 4 ሜትር ርዝመት ላለው ጣሪያ ባለ 1 ሜትር 4 ላሜራ ይበቃል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። መደራረቢያው በየመጋጠሚያው 5 ሴንቲ ይበላል፤ ከፊትና ከኋላም እጥፋት አለ። 5 ግዙ።

ባጃጅ ላይ ልጫነው እንዳትሉ። እኔ ብዬ ነበር። በአንድ እጄ ላሜራ፣ በአንድ እጄ ባጃጁን ይዤ ሳቢያን ስደርስ ላሜራው እንደ እንጀራ ታጥፏል። ላሜራ አንዴ ከተሰበረ መስመሩ አይጠፋም። ጋሪ ላይ አጋድሙትና በገመድ እሰሩት።

ሌላው የሚያስፈልጋችሁ፦ ትራፓኖ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ የሪቬት ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሞራሌና ኮምፔርሳቶ ለእንጨት ጥገናው፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው የቡታይል ቴፕ፣ ለውጭ የሚሆን የፖሊዩሪታን ማሸጊያ፣ ወፍራም ጓንት። ላሜራው አሉሚኒየም ከሆነ ሪቬቱም አሉሚኒየም ይሁን፤ ቪቴውን የማይዝግ ግዙ። ተራ የብረት ቪቴ አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ ውሃ ሲያገኘው አሉሚኒየሙን ዙሪያውን ይበላዋል። አሮጌ ጣሪያ ላይ በቪቴው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ማፍረስ

መጀመሪያ የጠርዝ ማሰሪያዎቹን ፍቱ። የሪቬቱን ጭንቅላት ከሪቬቱ ትንሽ በሚወፍር መብሻ ብሱት፤ ራሱ ይወድቃል። አሮጌውን ላሜራ አትጣሉ። ቁጥር ጻፉበትና ጥላ ስር አስቀምጡት። ለመስኮትና ለጭስ መውጫ ቀዳዳ ከሜትር የበለጠ ሞዴል እሱ ነው።

የድሮ ሲሊኮን ካለ እስከ መጨረሻው ፋቁት። በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲሱም ሌላውም ማሸጊያ በደንብ አይዝም። አሰልቺ ሥራ ነው። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ውሰዱለት።

እንጨቱ

የመጀመሪያው ጥፋቴ እዚህ ነበር። እንጨቱ ከሩቅ ሲታይ ደህና ነበር፤ በዚያ ላይ ቸኩያለሁ። አዲሱን ላሜራ መታሁበት። በሳምንቱ ንፋስ ሲነሳ ጣሪያው ያጨበጭብ ጀመር። ቪቴዎቹ የሚነክሱት ነገር አልነበራቸውም።

ካቻቪቴ ያዙና እያንዳንዱን እንጨት በየአንድ ጭብጥ ርቀት ውጉት። ጤነኛ እንጨት ይመልሳችኋል። የበሰበሰው ካቻቪቴውን እንደ ዳቦ ይቀበላል። ምስጥ የገባበት ደግሞ ላዩ ጤነኛ ይመስልና ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰውን ከጤነኛው ጋር 30 ሴንቲ ያህል ጨምራችሁ ቁረጡ፤ አዲስ ሞራሌ ጎን ለጎን አጋጥማችሁ በኮላና በቪቴ እሰሩ።

ጣሪያውን የሚሸከሙት እንጨቶች መሃላቸው በትንሹ ከፍ ያለ ነው። ይህ ቅስት ከጠፋ ውሃ ይቋጠራል። ጤነኛውን አንዱን ካርቶን ላይ በእርሳስ አንሱና ሌሎቹን በእሱ ልክ ቁረጡ። መሃሉ ከጠርዙ 3 ሴንቲ ያህል ከፍ ካለ ውሃው መንገዱን ያውቃል።

አጽሙ የብረት ከሆነ ዝገቱን ፋቁና ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡ። አሉሚኒየም በባዶ ብረት ላይ በቀጥታ እንዳይቀመጥ መሃላቸው ላይ ቴፕ አድርጉ።

በእንጨቶቹ መካከል ፎም ሙሉበት። ድሬ ላይ ፎም የሌለው ካራቫን ምጣድ ነው።

ፀሐይና ላሜራ

ስለዚህ ነገር ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የመጀመሪያውን ጣሪያ ስሠራ ከፊት እስከ ኋላ 4 ሜትር የሆኑ ሁለት ረጃጅም አሉሚኒየሞች ዘረጋሁ። መጋጠሚያ ሲያንስ ማፍሰሻም ያንሳል ብዬ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ካራቫኑ ውስጥ ተጋድሜ "ዷ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ላሜራው እንደ ግመል ሻኛ ተነስቷል። ማሸጊያው ከጠርዙ ተቀዷል።

ጎረቤታችን የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ መጥተው ቀና ብለው አዩት።

"ስንት ክፍተት ተውክለት?" አሉኝ።

"ክፍተት? ውሃ እንዳይገባ ብዬ አጥብቄ ነው ያሰርኩት፣ ጋሼ።"

"አንተ ልጅ፣ ሃዲድ እንኳ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይተውለታል። ይሄ ስስ ቆርቆሮ ከሃዲድ ይበልጣል?"

ስሌቱን በኋላ አሰብኩት። 4 ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 3.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ብረት የዚህን ግማሽ ግድም ነው። ድሬ ላይ በጎህና በቀትር መካከል ላሜራ 40 ዲግሪ ቢለዋወጥ አይግረማችሁ፤ ቀትር ላይ እጅ አይቀመጥበትም።

መፍትሔው ይኸው፦ አጫጭር ላሜራዎችን በስፋቱ አጋድሙ። እያንዳንዱ ከ2 ሚሊ በላይ አይንቀሳቀስም። ቀዳዳውን ከቪቴው ትንሽ አስፉትና ቪቴውን ከጎማ ሮንዴላ ጋር እሰሩ። መሃሉን መጀመሪያ፣ ዳሩን በኋላ። የምታስሩበት ሰዓት ደግሞ ላሜራው ለብ ሲል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም ይሁን። ከ4 ሰዓት በኋላ ሱቁም ሰዉም ጥላ ይፈልጋል። እናንተም ውረዱ። 10 ሰዓት ላይ ትመለሳላችሁ።

ማልበስ

የሳር ቤት ሲከደን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚኬደው ነው። ካራቫኑ የሚጎተት ከሆነ ከኋላ ጀምሩ፤ የፊተኛው ላሜራ ሁልጊዜ በኋለኛው ላይ ይረፍ። አለዚያ ስትጎትቱት ንፋሱ ውሃውን በመጋጠሚያው ሰቅስቆ ያስገባዋል። ቋሚ ከሆነ ዝቅ ካለው ጫፍ ጀምሩ።

በመደራረቢያው መሃል የቡታይል ቴፕ ሳይቆራረጥ ዘርጉ፤ ከዚያ ላሜራውን ከላይ ጣሉና በሪቬት እሰሩ፤ በየ7 ወይም 8 ሴንቲው። ለ4 ሚሊ ሪቬት 4.1 መብሻ። ቴፑ በጠርዙ ትንሽ ተጨምቆ ሲወጣ ካያችሁ ልክ ነው። የወጣውን በፕላስቲክ ቁራጭ ቁረጡት።

ዙሪያውን የምታጥፉት 5 ሴንቲ ከግድግዳው ውጭ ይውረድ እንጂ ወደ ውስጥ አይግባ። የመጨረሻዋን ጫፍ በፒንሳ በትንሹ ወደ ውጭ ቀልብሷት፤ ውሃው ግድግዳውን ሳይልስ ይንጠባጠባል። እኔ ላሜራ ቤት ወስጄ በማሽን አሳጠፍኩት። በመዶሻ ለማጠፍ የሞከርኩትማ የልጅ ሥራ መሰለ።

ለጭስ መውጫና ለአየር ማስገቢያ የሚገባው ክፈፍ የላይኛው ጠርዙ ከላሜራው ስር፣ የታችኛው ጠርዙ ከላሜራው ላይ ይሁን። ይህ ከተገለበጠ ምንም ማሸጊያ አያድናችሁም።

ላዩ ላይ ስትሠሩ በባዶ እግራችሁ ሆነ በጫማ ላሜራውን አትርገጡ። በሁለት እንጨቶች ላይ ጣውላ አጋድማችሁ በእሱ ላይ ተንበርከኩ።

ቀለምና ሙከራ

አዲስ ጋልቫናይዝድ ቀለም አይወድም፤ እንዲሁ ከቀባችሁት በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በሳሙና እጠቡት፣ በኮምጣጤ አሹት፣ በውሃ አለቅልቁትና ሲደርቅ ለጋልቫናይዝድ የሚሆን መሠረት ቀብታችሁ ነጭ ቀለም ድገሙት። ነጭ ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ ያማረው ጓደኛዬ ካራቫኑ ውስጥ ሻማው ቀልጦበታል።

ማሸጊያው ሁለት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ያንኑ የጎማ ቱቦ አምጡና ከታች ወደ ላይ እንደገና ሞክሩ፤ ባትሪ ይዞ ውስጥ የሚገባው ግን በዚህ ጊዜ እናንተ ሁኑ። የቪቴዎቹን ጥብቀት በወሩ አንድ ጊዜ እዩ፤ ሙቀትና ብርድ የሚያላላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስኳሩን ደግሞ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።