ባዮሾክን ከዓመታት በኋላ እንደገና እንዴት መጫወት ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ባዮሾክ መጀመሪያ ሲጫወቱት ከባቢው የሚያስፈራ ጥሩ የተኩስ ጌም ነው፤ ፍጻሜውን አውቀው ሲመለሱበት ግን ስለ መታዘዝ የተጻፈ ታሪክ ሆኖ ያገኙታል። የሚከተለው ምክር የታሪኩን ምስጢር ስለሚገልጥ፣ ጌሙን አንድ ጊዜ እንኳ ላልጨረሰ ሰው አይሆንም።

በመጀመሪያ የትኛውን እትም እንደሚጫወቱ ይወስኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታደሰው እትም ምስሉ የጠራ ሲሆን የአዘጋጆቹንም ማብራሪያ ይዟል፤ ሆኖም በኮምፒውተር ላይ በድንገት የመዘጋት ችግር ስለሚታይበት፣ አዲስ ክፍል በገቡ ቁጥር በራስዎ እጅ ሴቭ ማድረግን ልማድ ያድርጉ።

ከዚያ ወደ ሴቲንግ ገብተው መንገድ የሚጠቁመውን ቀስት ያጥፉ። ቀስቱ ካለ ዓይን እሱን ብቻ ስለሚከተል፣ ባለሀብቱ አንድሩ ራያን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በታች የገነባት ከተማ ራፕቸር በግድግዳ ጽሑፎቿና በፈራረሱ አዳራሾቿ የምትናገረው ሁሉ ያመልጣል። የሞተን ተጫዋች መልሰው የሚያስነሡትን ቪታ ቻምበሮችም ቢያጠፉ መልካም ነው፤ ያን ጊዜ የጠላቂ ልብስ ከለበሰው ግዙፍ ጠባቂ ከቢግ ዳዲ ጋር የሚደረገው እያንዳንዱ ውጊያ በቅድሚያ መዘጋጀትን ይጠይቃል።

ጨዋታው ሲጀመር አይቸኩሉ። አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት እርስዎ የሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ ጃክ የያዘውን የስጦታ ጥቅል ልብ ይበሉ፤ አደጋው ድንገተኛ አልነበረምና። ራፕቸር እንደደረሱ መንገድ የሚመራዎ አትላስ ሬዲዮውን እንዲያነሡ የሚጠይቀው «ውድ ዩ ካይንድሊ» («እባክዎን» እንደ ማለት) በምትለው የትሕትና ልመና ነው። ጃክ ይህችን ሐረግ በሰማ ቁጥር እንዲታዘዝ ተደርጎ ያደገ መሆኑን፣ አትላስም ራሱ የራያን ባላንጣ ፍራንክ ፎንቴን መሆኑን አሁን ስለሚያውቁ፣ ልመናው በተደገመ ቁጥር ቆም ብለው ምን እንደታዘዙ ያስተውሉ። ወዳጅ ይመስል የነበረው ድምፅ ያለማቋረጥ ሲያዝዝ እንደነበር መስማት በእኔ እምነት ወደዚህ ጌም ለመመለስ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ነው። ይህ እንዳያመልጥዎ ሄድፎን ያድርጉ፤ ንግግሩም በጽሑፍ እንዲወጣ ያድርጉ።

በቢግ ዳዲዎች የሚጠበቁትን ትንንሽ ልጃገረዶች፣ ሊትል ሲስተሮችን፣ በተመለከተ ከቀድሞው ምርጫዎ ተቃራኒውን ለመሞከር ቢያስቡ ሒሳቡን አስቀድመው ይወቁት። አንዷን ማዳን 80 አዳም (ልዩ ኃይሎች የሚገዙበት ንጥረ ነገር)፣ መግደል ደግሞ 160 ያስገኛል፤ ይሁንና በየሦስቱ የዳኑ ልጆች 200 አዳም በስጦታ ስለሚሰጥ፣ ሦስቱን ማዳን 440፣ ሦስቱን መግደል 480 ይሆናል ማለት ነው። የምሕረት ዋጋ መጀመሪያ እንደሚመስለው ከባድ አይደለም፤ እኔ ማዳኑን እመርጣለሁ።

የራያን ክፍል ሲደርሱ ሴቭ ያድርጉ። ራያን የጎልፍ ዱላውን አቀብሎ ራሱን እንዲገድሉት ሲያዝዝ የመቆጣጠሪያው ሥልጣን ከተጫዋቹ እጅ ይወሰዳል፤ ቁልፎቹን መጫን ፋይዳ የለውም። እዚህ ላይ የጃክን እጆች ብቻ ሳይሆን፣ እየተመታ ትእዛዙን የሚደጋግመውን የራያንን ፊት ይመልከቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጌሙ ክፍል፣ በተለይ ከፎንቴን ጋር የሚደረገው የመጨረሻ ውጊያ፣ ከቀደመው ስለሚያንስ ብዙ ሳይቆዩ ቢያልፉት አይጎዳዎትም። በታደሰው እትም በየመንገዱ የሰበሰቧቸው ወርቃማ የፊልም ጥቅልሎች የከፈቷቸውን የጌሙ ዳይሬክተር የኬን ሌቪን ማብራሪያዎች ግን ጌሙ ሲያልቅ በእርጋታ ይዩአቸው።