«የማደንዘዣው መርፌ አእምሯቸውን ወሰደው» ከማለት በፊት

ኮዬ ፈጬም ይሁን አራብሳ፣ በከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ይሄ ነገር የተለመደ ነው። አባት ለኦፕሬሽን ከገጠር መጥተው ልጃቸው ቤት ያርፋሉ። ኦፕሬሽኑ በሰላም ያልቃል። በሁለተኛው ሌሊት ግን ከአልጋቸው ተነሥተው «ከብቶቹን ማን አስገባ?» ይላሉ። ቤቱ ይሸበራል። ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚሳሳታቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

ሁሉንም በማደንዘዣው ማሳበብ

«ሙሉ ሰመመን ይቅር፣ ከወገብ በታች ብቻ ይደንዝዙ» ብሎ ከሐኪም ጋር የሚሟገት ልጅ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ዳሌያቸው የተሰበረ 1600 ሰዎችን በሁለቱ መንገዶች አነጻጽሯል። የቃዡት በሁለቱም በኩል ከአምስት ሰው አንድ ያህል ናቸው። ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሰውነትን ያስቆጣል፤ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ኢንፌክሽን ሲጨመሩበት ያረጀ አእምሮ አይችለውም።

ደግሞም ብዙዎቹ ያገግማሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ትልቅ ጥናት ኦፕሬሽን የሆኑ፣ 60 ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ማስታወስና ማሰብ የከበዳቸው ከመቶ 26 ገደማ ሲሆኑ፣ በሦስተኛው ወር ወደ 10 ወርደዋል።

መቃዠትን «ጃጁ» ብሎ መተው

መጃጀት ቀስ እያለ፣ በወራትና በዓመታት ይመጣል። ይሄኛው ግን ድንገት ነው። ሲመሽ ይብሳል፣ ሲነጋ ይሻላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል፤ ከጀርባው ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገት ወይም የኦክስጅን ማነስ ሊኖር ስለሚችል ወዲያው መነገር አለበት። ጸበሉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

የሚያታልለው ዝም የሚያሰኘው ዓይነት ነው። አይጮኹም፣ አይነሡም፣ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድናሉ። አስታማሚም «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ይላል።

መነጽራቸውን ቤት ትቶ መሄድ

ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የማያይና የማይሰማ ሰው የት እንዳለ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሆስፒታል የተኙ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን አይቷል። መነጽርና የጆሮ መሣሪያ ማቅረብ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሌሊት በቂ እንቅልፍ እንዲያገኙ ማድረግ፣ ማንቀሳቀስና ማነጋገር ለከፊሎቹ ተደረገላቸው። ካልተደረገላቸው ከመቶ 15 ሲቃዡ፣ ከተደረገላቸው ግን 10 ያህሉ ብቻ ቃዡ። መድኃኒት አልተጨመረም።

ስታነጋግሯቸው በሚያውቁት ይሁን። «ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ መፈተን ያሳፍራቸዋል። «አባባ፣ ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው፤ ኦፕሬሽን ሆነው ሆስፒታል ነዎት፣ እኔ አለሁ» ቢባሉ ይረጋጋሉ።

የሚጠጡትን መደበቅ

አረቄ በየቀኑ የሚቀምሱ ከሆነ ሐኪሙ ይወቅ። ድንገት ሲቋረጥ በራሱ ያቃዣል። ልጆች ስለሚያፍሩ ይደብቁታል፤ ሽማግሌው ራሳቸውማ «ለመድኃኒት ያህል» ነው የሚሉት። የሚወስዱት ክኒንና የባህል መድኃኒትም ሁሉ ይነገር።

«እንቅልፍ እንዲወስዳቸው» ዲያዜፓም መስጠት

ሐኪም ካላዘዘ በፍጹም። በሽማግሌ ላይ መቃዠትን ያባብሳል፣ ይጥላልም። በተቃራኒው ደግሞ «እችለዋለሁ» ስላሉ ብቻ ማስታገሻ አትንፈጓቸው። ያልታከመ ሕመምም ያቃዣል።

ጠያቂ ማጉረፍ

ዕድሩ ቀርቶ ጎረቤቱ ብቻ ክፍሉን ይሞላል። አንድ ሁለት የሚያውቁት ፊት እየተፈራረቀ ቢቀመጥ ይበልጣል። የቀሩት አጥሚቱን ልከው በስልክ ይጠይቁ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ቆልፎ ማስተኛት

ሊፍት የለም፣ ደረጃው ያስፈራል፣ ስለዚህ «ይረፉ» ይባላል። ቤቱ ግን ለእሳቸው እንግዳ ነው። ሐኪም ከፈቀደ ቢያንስ ኮሪደሩ ላይ ይራመዱ፤ ቀን መጋረጃው ይከፈት፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መብራት አይጥፋ። ከቻላችሁ ምድር ቤት ያለው ዘመድ ጋ ይረፉ። ሦስት ወር አልፎም ስም የሚጠፋቸው፣ ገንዘብ መቁጠር የሚያቅታቸው ከሆነ የነርቭ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ከኦፕሬሽኑ በፊት ምን ይረሱ እንደነበርም ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ ቀድሞ ጀምሮ፣ አብሯቸው የሚኖር ስላልነበረ ብቻ ያልታየ ይሆናል።