ድብርትና ሱስ አልድን ሲል፦ ወደ ምርምር ማዕከል ከመሄድዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ በምትገኘው ቤተስዳ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1953 ሥራ የጀመረ ሆስፒታል አለ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ በተለምዶ ኤንአይኤች የሚባለው፣ የክሊኒክ ማዕከል ነው። እዚያ የሚታከም ሰው ሁሉ የአንድ ጥናት ተሳታፊ ሲሆን፣ ለሚያገኘው ሕክምና ክፍያ አይጠየቅም። በተለመደው መድኃኒት አልሻል ያለ ድብርትና ሥር የሰደደ የመጠጥ ሱስ ከሚጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ ተቋማት በመካከላችን ሲወራ ግን፣ አንዱ ሰው መሞከሪያ የሚሆንበት ቦታ አድርጎ ይፈራቸዋል፤ ሌላው ደግሞ የመጨረሻው መዳኛ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። ሁለቱም አስተሳሰቦች ታማሚውን ይጎዱታል። ከምርምር ማዕከል የሚጠቀመው ማዕከሉ ከእሱ የሚፈልገውን አውቆ የሚገባ ሰው ነው።

መድኃኒቱን በቅጡ ሳይሞክሩ «አልሠራልኝም» ማለት

ሐኪሞች አንድን ድብርት ሕክምና የማይበግረው የሚሉት በአብዛኛው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የድብርት መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያህል ተወስደው በቂ ለውጥ ሳያመጡ ሲቀሩ ነው። በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አንዱ አፌን አደረቀኝ ብሎ ክኒኑን በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ ሌላዋ ጸበል ስትጀምር ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሎ ስለሚታያት ታቋርጠዋለች። ጸበልና ክኒን ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ከንስሐ አባትም ከሐኪምም ጋር በግልጽ መነጋገር ብዙ ሰው ከማገርሸት ያድናል። በአሜሪካ በ2006 ውጤቱ የታተመው ወደ 4,000 የሚጠጉ ታማሚዎች የተመዘገቡበት ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ከሕመሙ ሙሉ በሙሉ የወጡት ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ መድኃኒት ሲቀየርላቸው ወይም ሲጨመርላቸው የተሻላቸው ደግሞ ሌሎች ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ወደ ማዕከሉ ከመደወልዎ በፊት የትኛውን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰዱ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የማጣሪያ ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ችግርና ስሜትን ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባይፖላር የሚባለው ሕመም ድብርት መስለው ሊያሳስቱ ስለሚችሉም አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ጥናትን ከሕክምና ጋር ማምታታት

ከሁሉም ስህተቶች ከባዱ ይህ ይመስለኛል። ሐኪም ሲያክምዎ ለእርስዎ ይበጃል ያለውን ይመርጣል፤ ተመራማሪ ግን መልሱን ገና የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ ነው የሚሠራው። የምርምሩ ዕቅድ አዲሱ ሕክምና ለማን እንደሚሰጥ፣ ምንም መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ደግሞ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይወስናል፤ ብዙ ጊዜም ታማሚውም ሐኪሙም የማን ዕጣ ምን እንደሆነ አያውቁም።

በ2005 ሄለን ሜይበርግ የተባሉ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በቶሮንቶ ባደረጉት ጥናት፣ ሌላ ሕክምና ሁሉ ባልረዳቸው ስድስት ሰዎች አንጎል ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ቀብረው፣ ከስድስቱ አራቱ በግልጽ እንደተሻላቸው አሳወቁ። ዜናው ብዙ ተስፋ ቀሰቀሰ። ከዚያ በ90 ሰዎች ላይ በተካሄደው ሰፊ ጥናት መሣሪያው ለሁሉም ተተክሎ፣ በከፊሎቹ ላይ ግን ለስድስት ወር ሳይበራ ቆየ። በ2017 የታተመው ውጤት በስድስተኛው ወር መሣሪያው በበራላቸውና ባልበራላቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንዳልታየ ገለጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ተሽሏቸው ነበር፤ ምርምሩም አልቆመም። በዚህ ጥናት ውስጥ የነበረን ሰው አስቡት፦ ራሱን አስቀድዶ፣ በደረቱ ቆዳ ሥር ባትሪ አስቀብሮ፣ መሣሪያው ይብራ አይብራ ሳያውቅ ግማሽ ዓመት ጠበቀ። ይህን ለመሸከም የሚችለው ከመጀመሪያው የተነገረውና የተረዳው ሰው ነው። «እዚህ ካልዳንኩ አልድንም» ብሎ የገባ ሰው ግን የባሰ ሊሰበር ይችላል። በሌላ በኩል ትዕግሥቱ ፍሬ አፍርቶም ያውቃል፤ በ2006 በኤንአይኤች በ18 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ኬታሚን የሚባለው የማደንዘዣ መድኃኒት ድብርትን በሰዓታት ውስጥ ማቅለል እንደሚችል ያመላከተ ሲሆን፣ የእሱ ዘመድ የሆነው ኤስኬታሚን የሚባል የአፍንጫ መድኃኒት በ2019 ፈቃድ አግኝቷል።

መጠጥን፣ ጫትንና ክኒንን መደበቅ

ነውር ስለሚይዘን ቀንሰን እንናገራለን፤ «በበዓል ብቻ» እንላለን። ይህ ጥናቱን ከማበላሸቱም በላይ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ከአልኮልና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲገናኙ የሚያውኩ ሕክምናዎች አሉና። ጫት በአሜሪካ የተከለከለ በመሆኑ ብዙዎች መናገር ይፈራሉ። በኤንአይኤች ገንዘብ የሚካሄዱ ጥናቶች ግን ከ2017 ጀምሮ ምስጢር የመጠበቂያ ማረጋገጫ ወዲያው ያገኛሉ፤ ይህም ተመራማሪው ማንነትዎን የሚገልጽ መረጃ ለፍርድ ቤት እንኳ አሳልፎ እንዳይሰጥ ይጠብቅዎታል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ እነሱም በስምምነት ሰነዱ ላይ ይገለጻሉ፤ ይጠይቁ።

ለጥናቱ ብቁ ሆኖ ለመታየት ሲባል መጠጥን ወይም እንደ ዲያዜፓም ያለ የማረጋጊያ ክኒንን በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆም ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። በየቀኑ ብዙ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው።

«አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው» ብሎ ሜታዶንን መናቅ

ሜታዶን ለሄሮይን ሱስ የዘወትር ሕክምና ሆኖ ማገልገል የጀመረው በኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር በተባለ የምርምር ተቋም፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ምርምር ነው። በሥርዓት የሚወስደው ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ቤተሰብ «ጨርሰህ ንጻ» እያለ መድኃኒቱን ሲያስቆመው ግን ሰውነቱ የቀድሞውን የሄሮይን መጠን መቋቋም ስለማይችል፣ አንድ ቀን ተመልሶ የወሰደው ያው መጠን ሊገድለው ይችላል።

ሳይረዱ መፈረም

በኬንታኪ ሌክሲንግተን በ1935 በተከፈተው፣ ግማሹ እስር ቤት ግማሹ ሆስፒታል በሆነ ተቋም ውስጥ፣ በሱስ ምርምር የተሳተፉ እስረኞች ዋጋቸው በራሱ በሚያሰቃያቸው ዕፅ ይከፈላቸው ነበር። ይህ በ1975 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ሲነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። የዛሬው የስምምነት ሰነድ የተወለደው ከዚህና ከመሰሎቹ በደሎች ነው፤ ስለዚህ አሥራ ምናምን ገጹን እንደ ባንክ ቅጽ እያገላበጡ መፈረም የተገኘውን መብት መጣል ነው።

ሰነዱ በሚገባዎት ቋንቋ መብራራት አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ለዚህም ልጅዎን አይጠቀሙ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናቱ ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደነበር እንዴት አድርጎ ይተረጉማል? እናትስ በልጇ ፊት እንዴት ትናገራለች? ሰነዱን ወደ ቤት ወስዶ ማደር፣ በማግስቱ ጥያቄ ይዞ መመለስ ይቻላል። በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ መውጣት መብትዎ ነው።

የንግድ ክሊኒክን እንደ ምርምር ማዕከል መቁጠር

በየመንገዱ ኬታሚን በደም ሥር እንሰጣለን የሚሉ ክሊኒኮች በዝተዋል፤ ከነሱ ውስጥ ጥሩ ሐኪም ያላቸው ይኖራሉ፣ ምርምር ግን አይደሉም። ምርምር ነን የሚል ካለ፣ ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ ምግባር ቦርድና የጥናቱ የምዝገባ ቁጥር ይጠየቅ። ኤስኬታሚንም ቢሆን በቤት የሚወሰድ አይደለም፤ በጤና ባለሙያ ፊት ተወስዶ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክትትል ይደረጋል፣ እስከሚቀጥለው ቀን፣ በደንብ ተኝተው እስኪነሡ ድረስ መኪና መንዳትም ክልክል ነው። ስለዚህ የሚመልስዎ ሰው ያስፈልጋል።

ጥናቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አለመጠየቅ

የረዳዎት መድኃኒት ጥናቱ ባበቃ ማግስት ሊቋረጥ ይችላል፤ ገና ካልጸደቀ ፋርማሲ ውስጥ አያገኙትም። አንጎል ውስጥ የተተከለ መሣሪያ ደግሞ ባትሪው ያልቃል፣ መተካትም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ኢንሹራንስ አልከፍልም ሊል ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ባትሪውን ማን እንደሚቀይር፣ መሣሪያውን ለማውጣት ቢፈልጉ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከጥናቱ በኋላ የሚከታተልዎ ሐኪም ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። በጥናቱ መካከልም ሆነ ከዚያ በኋላ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ፣ እንግሊዝኛው ባይቀናው እንኳ «አምሐሪክ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።